ለደጀን እንዳትነግሩት

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ፣ እዚሁ ደብረ ታቦር ነው። ብዙ ነገር አንብቤ ብዙውን ረስቻለሁ። ይህን ግን አልረሳሁትም፤ ምክንያቱ እስከ ዛሬ ስላልገባኝ ይመስለኛል።

ነገሩን ያመጣብን ይበልጣል ነው። ኮሌጅ ውስጥ ኮምፒውተር የሚያስተምር ወዳጄ ነው። አዲስ የመጻጻፊያ ዘዴ አግኝቻለሁ ብሎ አራት አምስት ሰው አሰባሰበ። ዘዴው ቀላል ነው። እያንዳንዱ ሰው ኢንተርኔት ላይ የራሱ የሆነ አንድ የጽሑፍ ፋይል ይኖረዋል። የሚለው ነገር ሲኖረው ፋይሉ ላይ አንድ መስመር ይጨምራል። ሊያነበው የፈለገ ሰው የፋይሉን አድራሻ ስልኩ ላይ መዝግቦ ይከተለዋል። በቃ። ፎቶ የለም፣ መውደጃ ምልክት የለም፣ መሃል ላይ ተቀምጦ የሚያዝዝ ኩባንያ የለም። ማን እንደሚያነብህም አታውቅም።

እኔ ሰው ሁሉ የወደደውን ነገር መጥላት ልማዴ ነው። ማንም ያልወደደው ነገር ሲመጣ ወዲያው ወደድኩት። አገሩ ሁሉ ቪዲዮ ላይ አቀርቅሮ ሲውል፣ እኛ ጥቂት ሰዎች መስመር በመስመር እንጽፍ ነበር። አንዱ ስለ ገብስ ዋጋ፣ አንዱ ስለ መብራት መጥፋት፣ እኔ ስለ ዓለም መበላሸት።

ብዙም ሳንቆይ ከመካከላችን ሁለቱ ተጣሉ። አንዱ ደጀን ነው፤ እዚህ ከተማ ብቻውን የሚኖር የሂሳብ መምህር። ሌላው እብናት የሚኖረው ዲያቆን ሙሉቀን ነው። ሙሉቀን ክርክር ሲሸነፍ የራሱን ፋይል ይከፍትና የጻፈውን ይቀይረዋል። ዘዴው አይከለክልም። ደጀን ግን ተቆጣና «ከእንግዲህ የጻፈውን ከብራና የሚፍቅ ሰው አልከተልም» ብሎ በፋይሉ ላይ አወጀ። ሁለቱ የአንድ አገር ልጆች ናቸው። የደጀን እናት፣ እማማ ጥሩነሽ፣ የሙሉቀን ጎረቤት ነበሩ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ስልኬን ስከፍት የሙሉቀንን አዲስ መስመር አገኘሁ።

«የደጀን እናት ዛሬ ቀትር ላይ አርፈዋል። ቀብራቸው ነገ ነው። ለደጀን እንዳትነግሩት፤ ሌሊቱን ከሐዘን ጋር ብቻውን እንዳያድር። ጎህ ሲቀድ ተሰብስባችሁ መርዶውን ንገሩት።»

ልማዱን አከብራለሁ። በእኛ አገር መርዶ ማታ አይነገርም፤ ቢነገረውም በዚያ ሰዓት ወደ እብናት የሚሄድ መኪና አልነበረም። የሚያስደነግጠው ሌላ ነው። ሙሉቀን ምስጢሩን የጻፈው ማንም ሊያነበው በሚችል ፋይል ላይ ነው። ደወልኩለት፤ ስልኩ ዝግ ነው። በቀጥታ ይበልጣል ቤት ሄድኩ።

«ደጀን ይህን ያየዋል?»

«አይከተለውም እኮ። ራሱ አውጇል።»

«በድብቅ የሚከተለው ከሆነስ?»

«ያየዋላ።»

«መከተሉን በምን እናውቃለን?»

«አናውቅም።»

«ምን ዓይነት ጉድ ነው ያመጣህብን?»

«አንተ አይደለህ እንዴ ‹ሰው የማይሰልል ነገር ተገኘ› እያልክ ስታመሰግነው የከረምከው?»

በዚሁ መሃል ከደጀን አንድ መስመር መጣ። «ዛሬ ቤት ነኝ። በር አልዘጋሁም።»

«አውቋል» አለ ይበልጣል።

«ትናንት ካልሲ አጠብኩ ብሎ ጽፏል። ከደጀን ጽሑፍ ምን ይታወቃል?» አልኩት።

ሄደን ልናየው ተስማማን።

ስንደርስ መሽቷል፤ ደጀን የፈተና ወረቀት እያረመ ነበር። ቤቱ ተጠርጓል፤ ከሰው የተለቃቀሙ የሚመስሉ ወንበሮች ግድግዳውን ይዘው ተደርድረዋል።

«ምን እግር ጣላችሁ?» አለን።

«እንዲያው ስናልፍ» አለ ይበልጣል።

«ስታልፉ» አለ ደጀን፤ ሁለታችንንም ተራ በተራ አየን። ከዚያ ጠላ ቀዳልን። «አንዱ ተማሪዬ ለጥያቄው ሁሉ ‹እግዚአብሔር ያውቃል› ብሎ መልሷል። ስንት ልስጠው?»

«እግዚአብሔርን ጠይቀው» አልኩት።

ሳቀ። እኛም ሳቅን። ልንወጣ ስንነሳ «ሌላ ነገር የለም?» አለ።

«የለም» አልን፣ ሁለታችንም አንድ ላይ።

በር ድረስ ሸኘን። መንገድ ላይ ለይበልጣል «እናቱ መሞታቸውን ያወቀ ሰው እንዲህ አይስቅም» አልኩት። እሱ ግን «ወንበሮቹስ?» አለኝ። ማኅበር ደርሶበት ይሆናል ብለን ተለያየን።

ጎህ ሲቀድ የንስሐ አባቱን ቄስ አድማሱንና ጎረቤቶቹን ይዘን ሄድን። ደጀን ለብሶ፣ ቦርሳውን አጠገቡ አድርጎ፣ ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ተቀምጧል። ቄስ አድማሱ «ልጄ፣ እናትህ...» ከማለታቸው መሬት ላይ ወደቀ። እንደዚያ ሲያለቅስ የሰማሁት ሰው የለም። አንዲት ጎረቤቱ እንባቸውን እየጠረጉ «ወንበሬን ትናንት ሲወስድ እኮ እንግዳ ይመጣብኛል ብሎኝ ነበር» አሉኝ።

ወደ እብናት ስንጓዝ መኪናው ውስጥ አጠገቡ ነበርኩ።

«ትናንት ከእናንተ በፊት ነው ያነበብኩት» አለኝ ቀስ ብሎ።

«አልከተለውም ብለህ አልነበር?»

«ብያለሁ። ማን ያየኛል ብዬ ግን አልተውኩም።»

«ታዲያ ማታ ለምን ዝም አልከን?»

«በራሴ እናት እኔ ነኝ መርዶ ነጋሪው? ልትነግሩኝ የመጣችሁ መስሎኝ ነበር። ስትስቁ ሳይ ውሸት ነው ማለት ነው ብዬ ደስ አለኝ።» ስልኩን ከኪሱ አወጣ። «ሌሊቱን ሙሉ የሙሉቀንን ፋይል ስከፍት አደርኩ። የጻፈውን መቀየር ልማዱ አይደል? ይህችንም ይቀይራታል ብዬ ጠበቅኩ።»

ለቀብሩ ደረስን። ሙሉቀን ከቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ጠበቀን፤ ከደጀን ጋር ተቃቅፈው አለቀሱ። ቆየት ብሎ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለና «ሌሊቱን በሰላም አደረ አይደል? አልሰማም ነበር?» አለኝ።

«አልሰማም» አልኩት።

ለምን እንደዋሸሁት አላውቅም። ማታ ዝም ያልነው ከደግነት ይሁን ከፍርሃትም አላውቅም። ስለ ልማድ ስጽፍ ሁሌም በእርግጠኝነት ነው የምጽፈው፤ ይህን ያህል ጊዜ አስቤበት ግን አንድ ሐሳብ ላይ መድረስ አልቻልኩም። የማውቀው ደጀን ብቻውን እንዳያድር ብለን ብቻውን እንዳሳደርነው ነው።

እንዲህ ያለ ነገር ዳግም ቢያጋጥመኝ አሁንም ጎህ ሳይቀድ የምናገር አይመስለኝም። ብቻ ሰበብ ፈልጌ እዚያው አድራለሁ እንጂ ወደ ቤቴ አልሄድም።