የዚያን ቀን ንፋስ

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ለማንም አልተነፈስኩም። ሚስቴ እንኳ አታውቀውም። አሁንም ልጽፈው ተቀምጬ ደጋግሜ ተነስቻለሁ፤ አንዴ በሩን ለመዝጋት፣ አንዴ ደግሞ የዘጋሁትን በር መዘጋቱን ለማየት። ለአንተ ለመናገር የደፈርኩት ስለማታውቀኝ ነው። ይህም ራሱ ፈሪነት መሆኑ ይገባኛል።

የእንድሪስን ሕይወት ያበላሸሁት እኔ ነኝ። አልመታሁትም፣ አልሰረቅኩትም። ኮምፒውተር ላይ ንፋስ ጨመርኩበት። ሲነገር ያስቃል አይደል? እኔም ብዙ ዓመት ልስቅበት ሞክሬያለሁ።

እንድሪስ የቢስቲማ ልጅ ነው። ለትምህርት ደሴ ሲመጣ አንድ ክፍል ተከራይተን አብረን ኖርን፤ ከአንድ ሳህን በላን። ትምህርቱ ሲያልቅ እኔ እዚያው ደሴ ፒያሳ አካባቢ ጌም ቤት ከፈትኩ። ሌላው ደንበኛ ኳስ ሲጫወት እሱ የአውሮፕላን ማብረሪያውን ጌም ከፍቶ ጥግ ላይ ይቀመጣል። በጌሙ ውስጥ የእኛው የኮምቦልቻ ማረፊያ አለ፤ ዙሪያውን ያሉት ተራሮች ሳይቀሩ። እንድሪስ ከሁሉ የሚወደው አንድ አገባብ ነበረው። ጋራውን ታክኮ ይመጣና ከፍታውን እየቀነሰ ይዞራል፤ ዞሮ ሳይጨርስ አስፋልቱ ፊቱ ላይ ድቅን ይላል፤ ያን ጊዜ የአውሮፕላኗን ክንፍ አቃንቶ ያሳርፋታል። ቀድመህ ከዞርክ ከጋራው ጋር ትላተማለህ፣ ከዘገየህ ሜዳው ያልፍሃል። እኔ ስሞክረው ሁልጊዜ ጋራው ላይ እቀራለሁ። እሱ ግን ከእኔ ጋር ወሬውን ሳያቋርጥ ያሳርፋታል።

ሁለታችንም ለአብራሪነት ተፈተንን። እሱ አለፈ፣ እኔ ወደቅኩ። አቅፌው እንኳን ደስ ያለህ አልኩት። ወላሂ ደስታዬ ሁሉም የውሸት አልነበረም፤ ግማሹ እውነት ነበር። ግማሹስ? ግማሹ ቅናት ነበር፤ ስሙን መጥራት ለምን ያስፈራኛል?

እንቅፋቱ አባቱ ነበሩ። ጋሽ ይመር ገበሬ ናቸው፤ ልጃቸው ሰማይ ላይ ሊውል መሆኑን ሲሰሙ እንቅልፍ አጡ። እንድሪስ ደግሞ ያለ አባቱ ዱአ እግሩን አያነሳም። በመጨረሻ መላ መጣለት፤ ጌም ቤት አምጥቶ ሊያሳያቸው። «አንዴ ሳሳርፋት ቢያዩ ልባቸው ይረጋል» አለኝ። ኮምፒውተሩን እንዳዘጋጅለት ነግሮኝ አባቱን ሊቀበል ወደ መናኸሪያ ሄደ።

አዘጋጀሁለት። የአየር ጠባዩን ገጽ ከፍቼ ከጎን የሚመጣ ኃይለኛ ንፋስ ሞላሁበት፤ ጸጥ ብሎ ቆይቶ ድንገት የሚመታ። ቀልድ ነው አልኩ ለራሴ። አልነበረም። ቀልድ ቢሆን ገጹን በጥድፊያ ዘግቼ ላብ ያጠመቀውን እጄን ሱሪዬ ላይ ባልጠረግኩ።

ጋሽ ይመር ገብተው ዱላቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ተቀመጡ። ስክሪኑ ላይ አገራቸውን ሲያዩ እንደ ልጅ ደስ አላቸው። «ያ የኛ ጋራ አይደለም እንዴ!» አሉ። እንድሪስ ሳቀና መዞር ጀመረ። ያኔ አውሮፕላኗ ከጎን ተገፋች። ሊያቃናት ሲል ደግማ ተገፋች፤ ጋሽ ይመር በደስታ ያሳዩን ጋራ ስክሪኑን ሞላው።

ሰውየው ብድግ አሉ። በሕይወት መኖሩን ለማረጋገጥ ይመስል የልጃቸውን ደረት ዳሰሱ።

«አባ፣ ጌም እኮ ነው። ሁልጊዜ አሳርፋታለሁ፤ ይኸው እሱን ጠይቁት» አለ እንድሪስ፣ ወደ እኔ እየጠቆመ።

«ተው ልጄ። አላህ ቀድሞ አሳየኝ። ወላሂ አትሄዳትም!»

መሐላው ወጣ፤ አለቀ። እኔ ግን ምስክር ተጠርቼ ነበር። ንፋሱን ያመጣሁት እኔ ነኝ ብል ይበቃ ነበር። ምን አልኩ? «ውሃ ላምጣልዎ ጋሼ?» አልኩ። እሳቸው እጃቸውን ዘርግተው መረቁኝ። «ይህን አሳይተህ ልጄን ያተረፍክልኝ፣ አላህ ያንተንም ልጅ ያትርፍልህ» አሉ። እኔም አሚን አልኩ። አሚን! ዛሬ ልጆቼን ባመማቸው ቁጥር ያ ዱአ ትዝ ይለኛል፤ ቤት መቀመጥ ያቅተኝና ወጥቼ መንገድ ለመንገድ እዞራለሁ።

እንድሪስ አሁን በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ሚኒባስ ይነዳል። የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ስንወርድ ከጎኑ ተቀምጬ እጁን አያለሁ። ያንኑ አዟዟር ነው የሚዞረው፤ ተሳፋሪ ሳያንገላታ፣ ከእኔ ጋር እያወራ። ሰማዩ ላይ አውሮፕላን ካየ ወሬውን ያቋርጣል፤ እስክታልፍ ጠብቆ ይቀጥላል። እኔ ከዚያ በኋላ የሚለውን አልሰማውም።

በእኛ ዘንድ የሰው ሐቅ ባለቤቱ አፉ ካላለህ፣ ይቅር ካላለህ፣ አይወርድም። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። አውቄስ ምን አደረግኩ መሰለህ? ሰው ሁሉ እንደሚባባለው በየኢዱ «አፉ በለኝ» እለዋለሁ። እሱም «አፉ ብያለሁ፣ አንተም አፉ በለኝ» ይለኛል። ለምን እንደሆነ ሳይነገረው አፉታውን ወሰድኩበት። ቅድም አልሰረቅኩትም ብዬህ ነበር፤ ዋሽቻለሁ።

ባለፈው ወር ጋሽ ይመር ሞቱ። ለቅሶው ካለፈ በኋላ እንድሪስ ጌም ቤቴ መጣና የጥንቱን ጌም ክፈትልኝ አለኝ። ከፈትኩለት። ጋራውን ታክኮ መጣ፣ ዞረ፣ አሳረፋት። ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ በመጀመሪያው ሙከራ! ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል፦

«ያን ቀን ንፋስ ነበረ እንዴ?» አለኝ።

ልናገር የምችልበት ሰዓት ራሱ መጥቶልኝ ነበር። አባትየው የሉ፤ መሐላውም አብሯቸው አልፏል፤ የቀረነው እኔና እሱ ነን። «እንጃ፣ ረስቼዋለሁ» አልኩት።

እጁን ከኮምፒውተሩ ላይ አነሳ። ከዚያ ዞሮ ሲያየኝ ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

«አፉ በለኝ ወንድሜ» አለኝ። «አንዳንዴ ሐረጎን ስወርድ እጠረጥርህ ነበር። ሸይጧን ነው።»

አፉ አልኩት። እኔ ለእንድሪስ አፉ አልኩት! ትከሻውን መታ መታ አድርጌ «አብሽር፣ አይዞህ» አልኩት ደግሞ።

ካንተ ይቅርታ አልለምንም፤ ሐቁ ያንተ አይደለም። ልጅ ነበርኩ ብዬም አላመካኝም፤ ባለፈው ወር ልጅ አልነበርኩም። ነገ ጠዋት ወደ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ። እነግረው ይሆን? ቃል አልገባም፤ ራሴን አውቀዋለሁ። ሚኒባሱ ቢሞላም ከሹፌሩ ጎን ያለው ወንበር ለእኔ ይያዛል። የሚይዝልኝ እሱ ነው።