ከግራፉ ላይ የጠፋው መስመር

የዚያን ቀን ከጠዋት ጀምሮ ሲያካፋ ነበር የዋለው። ካፊያው ሲበረታ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ልብስ ስፌት ቤቴ በረንዳ ስር ተጠለለ። ታናሽ ወንድሜ ላፕቶፑን በጃኬቱ ጠቅልሎ በሰው መሀል እየተሽሎከለከ ገባና ልብስ የምተኩስበት ጠረጴዛ ላይ ከፈተው።

«እትዬ፣ ነይማ እይው! መስቀለኛ መንገዳችሁን እንዳለ ኮምፒውተር ውስጥ አስገባሁት።»

እናታችን ስትሞት እኔ ትምህርቴን አቋርጬ የስፌት መኪና ላይ ተቀመጥኩ፤ እሱ ተማረ። ከአንድ ቤት አንድ ሰው ከተማረ ይበቃል እል ነበር። የመንገድ መሐንዲስ ሆነ። የእኛ መስቀለኛ መንገድ ጠዋትና ማታ በመኪና ስለሚታነቅ መሥሪያ ቤቱ መላ እንዲፈልግ እሱን ላከው። መኪኖቹን የሚቆጥርበትን ካሜራ የተከለው እኔ ጣሪያ ላይ ነው። ባለሱቆቹ «ሊሰልሉን ነው እንዴ?» ብለው ሲያጉረመርሙ፣ በየበሩ እየዞርኩ «የእናቴ ልጅ ነው፤ እኔ አለሁላችሁ» ያልኳቸው እኔ ነኝ።

ስክሪኑ ላይ የምስር ፍሬ የሚያካክሉ መኪኖች ይርመሰመሳሉ። ቅጥነቱን አይተን «ምስማር» የምንለው ጫማ ሰፊ ጎረቤቴ ከኋላዬ አንገቱን አሰገገ።

«አንተ ልጅ፣ ብስክሌት እንኳ ሳይኖርህ ይህን ሁሉ መኪና ከየት አመጣኸው?»

ተሳሳቅን። ከዚያ ወንድሜ ግራፉን አሳየን። መስመሩ ከፍ ባለ ቁጥር መኪናው ብዙ ቆሞ ይጠብቃል ማለት ነው። ቀዩ አሁን ያለው ነው፤ ተራራ ያህላል። አረንጓዴው ሱቆቻችን ፈርሰው መንገዱ ቢሰፋ የሚሆነው ነው። ሰማያዊው ደግሞ ምንም ሳይፈርስ የትራፊክ መብራቱ ጊዜ ብቻ ቢስተካከል። አረንጓዴውና ሰማያዊው እንደ ድርብ ስፌት ተጠጋግተው፣ ከቀዩ በታች ጎን ለጎን ይሄዳሉ።

«ልዩነታቸው ይህችው ናት። ታዲያ ሱቅ ለምን ይፈርሳል? እኔ የማቀርበው ሰማያዊውን ነው። አይዞሽ እትዬ፣ እንቅልፍሽን ተኚ።»

ተኛሁ። ሌላ ቦታ አግኝቶ የነበረው ምስማርም በእኔ ቃል ተማምኖ ቀረ፤ እንዲያውም በሩን ቀለም ቀባው።

መሥሪያ ቤቱ ውሳኔውን ሊነግረን ባለሱቆቹን በሰበሰበበት ቀን ወንድሜ እኔ የሰፋሁለትን ኮት ለብሶ ከአለቃው ጎን ቆመ። ግራፉ ግድግዳው ላይ በራ። ቀይ አለ፤ አረንጓዴ አለ። ሰማያዊ የለም።

«እንደምታዩት ሌላ አማራጭ የለንም» አሉ አለቃው።

ሳላስበው ተነሳሁ። «ሰማያዊውስ የታለ?»

አለቃው ወደ ወንድሜ ዞሩ። እሱ ወረቀቱን እያገላበጠ፣ «ወይዘሮዋ ምናልባት የሙከራ ሥዕል አይተው ይሆናል» አለ።

ወይዘሮዋ! ገላውን አጥቤ፣ በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኩት ልጅ በሰው ፊት አንቱ አለኝ። ተመልሼ ተቀመጥኩ። ምስማር ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «የእናቴ ልጅ ነው አላልሽንም?» አለኝ። ተነስቼ ወጣሁ።

ወንድሜ በር ላይ ደረሰብኝ።

«እትዬ፣ እኔ ምን ላድርግ? አለቆቼ መንገድ መሥራት ነው የሚፈልጉት። የመብራት ጊዜ ቢስተካከል ማን ያይላቸዋል? እኔንም የክፍል ኃላፊ ሊያደርጉኝ ነው።»

«ታዲያ ቀድመህ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?»

«ብነግርሽ ሰፈሩን ታስነሺብኛለሽ።»

ከሁሉም ያንገበገበኝ ይህ ነው። እኔ እየዞርኩ ስለ እሱ ስምል፣ እሱ እኔን እንደ ጠላት ሲጠነቀቀኝ ከርሟል።  ትቼው ሄድኩ።

ሱቆቹ ፈረሱ፤ መንገዱም ሰፋ። መኪናው ይፈሳል ይላሉ። ምስማር መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ወደ ማዶ ይሻገራል።

አሁን ከተማው ዳር አንዲት ክፍል ተከራይቻለሁ። የስፌት መኪናዬን ከአልጋዬ ጎን አቁሜ የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ። ወንድሜ ይደውላል፤ አንዳንዴ አነሳለሁ።