የሚጮኸው ሣጥን

ሰፈሩ ስሙን ትቶ «ሴቭ አርጉት» ይለዋል። የሰርግ ቪዲዮ አቀናባሪ ነው፤ የእናቱን ቤት የፊተኛ ክፍል ሱቅ አድርጎ፣ ሁለት ኮምፒውተር ደርድሮ ይሠራል። መብራት በሰበብ አስባቡ ስለሚሄድ፣ ወደ ሱቁ ጎራ ያለ ሰው ምክሩን ሳይቀምስ አይወጣም። «ቅጂ የሌለው ነገር እንደሌለ ቁጠሩት። ሴቭ አርጉት!»

«አንተ ሰውዬ፣ ዲስክህ ሁሉ ሁለት ሁለት ነው፤ ሚስት ግን አንዲትም የለህ» አለው አንድ ቀን አንድ ሙሽራ።

«ያንተን ሰርግ ባጠፋው ለአማትህ ማን ይነግርልኛል? ደግመህ ልትደግስ ነው?»

ሱቁ ውስጥ የነበርነው ሁሉ ሳቅን። ከጠረጴዛው ሥር ያለውን ጥቁር ሣጥን በእግሩ ጫፍ ነካ አደረገው። ዩፒኤስ ነው፤ መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን በባትሪው ጥቂት ደቂቃ ያቆየዋል፣ እስከዚያም ጢጥ፣ ጢጥ እያለ ይጮኻል። «ድረሱልኝ ማለቱ ነው» አለን። «ቶሎ ደርሶ ኮምፒውተሩን በወጉ መዝጋት ነው። ዲስክ እየሠራ ድንገት ከጠፋ የያዘውን ሁሉ ይዞ ይሞታል።»

ግን ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች። የታናሽ እኅቱ ሰርግ የነበረው በአንድ አሮጌ ዲስክ ላይ ብቻ ነው። የሰው ሥራ እያስቀደመ፣ የራሱን ነገ ነገ ሲል፣ እኅቱ አምና በወሊድ ሞተችበት። እናቱ ዓይናቸው ስለደከመ ምስሉን አያዩትም። «ድምፅዋን ብቻ አሰማኝ» አሉት። ልጅቷ በሰርጓ ቀን ማይክ ተቀብላ፣ «እማዬ፣ አታልቅሺ እንጂ፣ ቅርብ እኮ ነኝ» ብላ ነበር።

ዲስኩን ሲከፍተው ቋ፣ ቋ ይል ጀመር። ደነገጠና ወዲያው ወደ አዲስ ዲስክ ይገለብጠው ያዘ። ሥራው እንደ ቀንድ አውጣ ይጎተታል። ገና እኩሌታው ላይ ሳለ መብራት ሄደ። ሣጥኑ ጮኸ።

ለሌላ ሰው ቢሆን ዝጋው ይለው ነበር። እሱ ግን አንዴ ከቆመ ዳግም አይነሣም ብሎ ፈራ። ጄኔሬተር አለው፣ ነዳጁ አልቋል። ባትሪው ሳይደክም እደርሳለሁ ብሎ ጀሪካን አንጠልጥሎ ወደ ጎረቤቱ አናጢ ሮጠ።

ሲመለስ ቤቱ ጭጭ ብሏል፤ ኮምፒውተሩም ጠፍቷል። እናቱ ግድግዳ እየተደገፉ መጥተው ጠረጴዛው ሥር ቁጭ ብለዋል። እጃቸው ሣጥኑ ላይ ነው።

«መጣህ ልጄ? ዕቃህ ሲንሰቀሰቅ አላስችል ቢለኝ፣ ዳብሼ ዳብሼ ቁልፉን አገኘሁት። ዝም አሰኘሁልህ።»

ጀሪካኑን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። «አበጀሽ፣ እማዬ።»

ዲስኩ ከዚያ ወዲያ አልተነሣም። ስንት ባለሙያ ዘንድ ይዞት ዞረ። በመጨረሻ ለእናቱ «አርጅቶ ነበር» አላቸው።

«ማን የማያረጅ አለ» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

እውነቱን ለእኔ ሲያወጋኝ፣ ከእሳቸው ጆሮ እንዳይደርስ አደራ ብሎኛል።

ትናንት ሱቁ ውስጥ ስንጫወት መብራት ሄደ። ሣጥኑ ጀመረ። እሱ የያዘውን ሥራ ሴቭ አድርጎ ኮምፒውተሩን በወጉ ዘጋ፤ ሣጥኑን ግን አልነካውም።

ከውስጥ ክፍል ድምፅ መጣ። «ልጄ፣ መጥቼ ዝም ላሰኝልህ?»

«ተይው፣ እማዬ» አለ። «ያልቅስ።»

ባትሪው እስኪያልቅ ቁጭ ብለን ሰማነው።