ከምንጣፉ ሥር ያለው ደለል

አሮጌ ፒካፕ ሊገዛ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ የሚያወራልኝ ስለ ቀለሟ ነው። ይህ ያናድደኛል። ወረታ ላይ ትንሽ ጋራዥ አለችኝ፤ ብዙ አገር የዞሩ መኪናዎችን እያመጡ «እስቲ እያት» ይሉኛል። ቀለም በአንድ ቀን ይቀባል። እኔ መጀመሪያ እጄን ሞተሩ ላይ አደርጋለሁ። ገዥ ሳይመጣ አስቀድሞ የሞቀ ሞተር ካገኘሁ፣ ሻጩ ጠዋት ጠዋት አልነሣ የምትለውን መኪና ሊሸጥልን ነው ማለት ነው። ከዚያ የዘይቱን ክዳን ከፍቼ ውስጡን አያለሁ፤ ወተት የመሰለ ነገር ከለጠፈ ውኃና ዘይት ተገናኝተዋል። አስነሥቼ ጭሱን አያለሁ። ከሥር የተዘረጋውን የብረት አጥንቷን፣ ሻንሲውን፣ በመፍቻ እየመታሁ አዳምጣለሁ፤ ዝገት የበላው ብረት ድምፁ የታፈነ ነው። ኪሎ ሜትር የሚቆጥረውን ሰዓት ግን አላምነውም። እሱን ወደ ኋላ የሚያዞር ሰው ያለቀውን የፍሬን መርገጫ ጎማ መቀየር ይረሳልና መርገጫውን አያለሁ።

ይህ ሁሉ አሁን ሁለተኛ ሆኗል። ዛሬ ከሁሉ በፊት የማነሣው የእግር ምንጣፉን ነው። ለምን እንደሆነ ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

የፎገራ ሜዳ ክረምት ክረምት ውኃ ይተኛበታል። ወንዞቹ ርብና ጉማራ ሞልተው ሲወጡ ከብት ወደ ከፍታ ይነዳል፣ እህል ወደ ቆጥ ይወጣል፤ መኪና ግን ያለችበት ቆማ ትጠጣለች። ውኃው ሲሸሽ ታጥባ፣ ደርቃ፣ ቀለም ተቀብታ ደህና ትመስላለች። ከምንጣፉ ሥር ደለሉ ይቀራል። ደለሉ እርጥበት ይይዛል፣ እርጥበቱ በዚያ የሚያልፈውን ሽቦ ቀስ እያለ ይበላዋል። ዓመት፣ ሁለት ዓመት ያለ ችግር ትሄዳለች። ከዚያ አንድ ቀን መንገድ ላይ ቀጥ ትላለች።

አባቴ ላሞቹን ሸጦ ፒካፕ መግዛት ያሰበው የግጦሹ መሬት ሁሉ ሩዝ ሲሆን ነው። ሩዙን ከየማሳው ወደ ወረታ ወፍጮዎች ላመላልስበት አለ። በዕድሜው ገዝቶ የሚያውቀው ትልቅ ነገር በሬ ነው። በሬ ሲገዛ አፉን ፈልቅቆ ጥርሱን ያያል፣ ጀርባውን በመዳፉ ይመታል፣ ዳገት አስወጥቶ ትንፋሹን ያዳምጣል። በመኪናው ግን አልጨነቅም አለ፤ መካኒክ ልጅ አለው። ይህንን ለጎረቤቱ ሁሉ ስለተናገረ እኔም ደረቴን ነፍቼ ነበር።

ፒካፗን የሚሸጡት የአባቴ የማኅበር ወንድም ናቸው፤ ከአንበሳሜ ወዲህ የሚኖሩ ሽማግሌ። በየወሩ ተራ እየገቡ የሚደግሱ፣ ከአንድ ጽዋ የሚጠጡ ሰዎች ናቸው። በእኛ ዘንድ የማኅበር ወንድም ስለ ንብረቱ «ምንም የለበት» ካለ ነገሩ በዚያ ያበቃል። ከዚያ በኋላ መፈተሽ ሰውየውን ውሸታም ማለት ነው፤ ሁለተኛ ከዚያ ጽዋ አብሮ መጠጣት ያሳፍራል። አባቴ ገና መንገድ ላይ ሳለን እንደ ባዳ እንዳላገላብጥባቸው አስጠነቀቀኝ። ሽማግሌውም የሞተሩን ክዳን ሳልከፍት ምንም እንደሌለባት ነገሩን።

እንደምንም ሞተሯን አየሁ፤ ደህና ነበር። ጭሷም ደህና ነው። አባቴ እንደ ልማዱ ጀርባዋን በመዳፉ መታ መታ አደረጋትና እጅ ተጨባበጡ። ሽማግሌው ሊመርቁን አባቴን ይዘው ወደ ቤት ሲዘልቁ እኔ ወደ ኋላ ቀረሁና የተሳፋሪውን በር ከፍቼ የምንጣፉን ጫፍ አነሣሁ። ግራጫ ነው፣ እንደ ዱቄት የላመ። የሩዝ ዕብቅ ተቀላቅሎበታል። ጣቴን አስገብቼ ዳበስሁት፤ ከሥሩ ገና እርጥብ ነበር።

ምንጣፉን መልሼ ለቀቅሁት። ቀና ስል አባቴ ከቤት ወጥቶ ደጁ ላይ ቆሟል። እንዴት እንደሆነች ጠየቀኝ።

«ደህና ናት» አልሁት።

ዝም ያልሁት ለአባቴ ክብር ብዬ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። አልነበረም፤ በሙያዬም ተመክቼ ነበር። ሽቦውን በማርፍበት ቀን እኔው እቀይረዋለሁ ብዬ ለራሴ ቃል ገባሁ። ከዚያ የሰው መኪና ስሠራ የቤታችን መኪና ቆየች። ትነሣ ነበር፣ ትጭን ነበር፤ እኔም ረሳሁት ማለት እችላለሁ፤ ግን አልረሳሁትም። ባየኋት ቁጥር ትዝ ይለኝና ለሚቀጥለው ሳምንት እላለሁ።

እናቴ ያችን መኪና ትወዳት ነበር። ልትሳፈር ስትል ምንጣፉ እንዳይቆሽሽ ጫማዋን ደጅ ላይ አውልቃ፣ አራግፋ፣ በእጇ ይዛ ነው የምትገባው። አባቴ ይስቅባት ነበር። እኔ ግን መሳቅ አልቻልሁም፤ ፊቴን ወደ መንገዱ አዞራለሁ።

በሁለተኛው ዓመት ነሐሴ ላይ እናቴን ሆዷን አመማት። አንድ ቀን ቻለችው። በማግስቱ ጠዋት ወደ ጤና ጣቢያ ስናደርሳት ቶሎ ባሕር ዳር ውሰዷት አሉን፤ አምቡላንሱ ምጥ የያዛትን ሴት ይዞ ሄዷል። በፒካፗ መሐል አስቀመጥናት፤ የምነዳው እኔ ነኝ። ያን ቀንም፣ በዚያ ሁሉ ሕመም፣ ጫማዬን አውልቁልኝ ብላ ለመነችን። አባቴ በበሩ በኩል ሆኖ ትከሻው ላይ አስደገፋት።

የጉማራን ድልድይ አልፈን ብዙ ሳንሄድ ሞተሩ ጠፋ። አልተንገጫገጨም፣ አልተንተፋተፈም፤ መብራት እንደሚጠፋ ድርግም አለ። እንዲህ የሚያደርገው ሽቦ መሆኑን ማንም መካኒክ ያውቃል። እኔ ደግሞ የትኛው ሽቦ እንደሆነም አውቅ ነበር።

ሆኖም ወርጄ ክዳኑን ከፈትሁ። የናፍጣ ማጣሪያውን ፈታሁ። የባትሪውን ራስ አጠበቅሁ። ያልተበላሸ ነገር እየፈታሁ መልሼ አሠርሁ፤ ዝናቡ በአንገቴ ይወርዳል። ምንጣፉን ብገልጠው አባቴ ደለሉን ያየዋል፤ ካየው ያን ቀን ከበሩ ሥር ምን ሳደርግ እንደነበር ይገባዋል። እናቴ እየተሰቃየች እኔ ያሰብሁት ይህን ነው። አንድ ሚኒባስ ቆመልን። አሁን ትነሣለች ብዬ አሰናበትሁት።

እናቴ አንገቷን አቅንታ «ልጄ፣ ዝናቡ መታህ፤ ና ግባ» አለችኝ። ከእሷ የሰማሁት የመጨረሻ ቃል ይህ ነው።

መጨረሻ ላይ ሌላ የምፈታው ነገር አጣሁ። በሩን ከፍቼ አባቴን እግሩን እንዲያነሣልኝ ጠየቅሁት። አነሣና ፊቱን ወደ ሩዙ ማሳ አዞረ። ምንጣፉን ስስበው ሽቦው አረንጓዴ ሆኖ እጄ ላይ ተፈረፈረ። በሌላ ሽቦ ቀጠልሁት። ይህ ሁሉ ሥራ ሩብ ሰዓት አልፈጀም፤ ከዚያ በፊት ግን ከአንድ ሰዓት በላይ ቆመን ነበር። ቁልፉን ሳዞር በአንዴ ተነሣች። እየበረርሁ ሐሙሲት ልደርስ ትንሽ ሲቀረኝ አባቴ ቀስ ብሎ «አቁም» አለኝ።

አቆምሁ።

የአርባዋ ለት የማኅበሩ ሰዎች ሁሉ መጡ። ፒካፗን የሸጡልን ሽማግሌም መጥተው ከሁሉ በላይ አለቀሱ፤ አባቴ ከጎኑ አስቀመጣቸው። ሰው ተመርቆ ሲበተን አባቴ እጄን ይዞ ከሩዝ ጭዱ ክምር አጠገብ ወደቆመችው መኪና ወሰደኝ። በሩን ከፍቶ ምንጣፉን ራሱ ገለጠው።

«ይኸን ደለል ሳልገዛት አይቸዋለሁ» አለኝ። «እዚህ ሜዳ ላይ ሸብቼ የውኃ ሽታ ይጠፋኛል? በሩን ስከፍት ነው ያወቅሁት። ያኔ የማኅበር ወንድሜ ልጁ ታማበት መድረሻ አጥቶ ነበር። ገንዘቡን እንዲሁ ብሰጠው አይቀበለኝም፤ አውቀዋለሁ። ስለዚህ ገዛኋት። ላንተ ብነግርህ አትግዛ ትለኛለህ ብዬ ደበቅሁህ።»

የሽማግሌው ልጅ ድናለች፤ በዚያው ዓመት ድረዋታል፤ ሠርጓ ላይ እናቴ እልል ብላለች።

«የዚያን ለት መንገድ ላይ ይኸው ነው ነገሩ እያለ ልቤ ነገረኝ። አንተ ዝናብ ላይ ስትፈታ ስታሥር እኔ እግሬን ጭኘበት ተቀመጥሁ። አፈርሁህ። አንተ ብታውቀው ዝም አትልም ነበር። እናትህን እኔ ነኝ የበላኋት። ይቅር በለኝ።»

ጉልበቴን ሊይዝ ጎንበስ ሲል ክንዱን ይዤ አስቀረሁት። አፌን ከፈትሁ። እኔም አይቼው ነበር ማለት ሦስት ቃል ነው። ያን ሦስት ቃል ብናገር ሸክሙ ከትከሻው ግማሹ ይወርድ ነበር። ወይም ደግሞ ልጅ አለኝ ብሎ የሚመካበት አንድ ነገር ቢቀረው፣ እሱንም አሳጣው ነበር። ለእሱ አዝኜ ይሁን ለራሴ ፈርቼ አላውቅም፤ «ይቅር ብያለሁ» አልሁት። አባቴን ይቅር አልሁት። ከዚያን ቀን ወዲህ ራሴን እንደ ሰው ማየት አቅቶኛል።

ፒካፗን ለሌላ ሰው አንሸጣትም ብሎ አባቴ ስለከለከለ ከክምሩ አጠገብ እንደቆመች ናት። እሱ አሁን እርሻ አይችልም። ጠዋት ጠዋት ጋራዤ ይመጣና አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጦ ይውላል። ሰው መኪና ሊያሳየኝ ሲመጣና እኔ በሩን ከፍቼ ስንበረከክ፣ ሰውየው ሞተሩን ትቼ ምንጣፍ የምገልጥበት ምክንያት አይገባውም። አባቴ ነው የሚመልስለት።

«ልጄ ከዚያ ነው የሚጀምር» ይለዋል። «ከኔ ጥፋት ተምሮ ነው።»

እኔ ወለሉ ንጹሕ መሆኑን ካየሁ በኋላም ራሴን ከመቀመጫው ሥር ሳላወጣ እቆያለሁ፤ አባቴ ሌላ ወሬ እስኪጀምር ድረስ።