በአንደኛ ማርሽ

መኪናዋ ንፋስ መውጫ የገባች ዕለት በአውራጃው አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ታይፒስት ሆኜ ከተመደብሁ ሁለተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። ቻይኖች የሠሩት አዲሱ የጠጠር መንገድ ከተማችንን ካለፈ ብዙም አልቆየም። በዚያ መንገድ አውቶቡስ፣ የእህል ጭነትና ወታደር የሞላ ካሚዮን ሲያልፍ ማየት ለምደናል። እንዲህ ያለ ነገር ግን ማንም አይቶ አያውቅም፤ ቀይ፣ ሁለት በር ብቻ ያላት፣ ጣሪያዋ ሸራ የሆነ፣ ቁመቷ ከሰው ወገብ እምብዛም የማያልፍ የስፖርት መኪና።

የሚነዳት አዲሱ የአውራጃው አስተዳዳሪ፣ አንድ ወጣት የጦር መኮንን ነው። ከየት እንዳገኛት አልነገረንም፤ ከሀብታም ቤት የተወረሰች ትሆናለች ብለን ገመትን። የግቢያችን በር ላይ ስትደርስ የተገተረ ድንጋይ ሆዷን ቀደደውና ዘይቷን እያንጠባጠበች ገባች። ለአቤቱታ ደጅ ይጠኑ የነበሩ አንድ ቄስ ጠጋ ብለው አይተዋት፣ "ይቺ ደግሞ ምን በድላ ነው በሆድሽ ተሳቢ የተባለችው?" ሲሉ ግቢው በሳቅ ሞላ። እኔ አልሳቅሁም። ለፊርማ የያዝሁትን ደብዳቤ ረስቼ ቆሜ ቀረሁ።

እንዲህ ያለውን መኪና በሥዕል አውቀዋለሁ። አባቴ እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ ላይ ትንሽ ሱቅ ነበረው። ስኳርና በርበሬ የሚጠቀልለው ከደብረ ታቦር በሚያመጣው አሮጌ የፈረንጅ መጽሔት ነው። መኪና ያለበትን ገጽ እየመረጥሁ ከአልጋዬ ሥር እደብቅ ነበር። አንድ ቀን አባቴ ክምሩን አገኘውና በረጅሙ አየኝ። "ምኞትስ አይከለከልም፤ ስኳሩን ግን በምን እንጠቅልለው?" አለኝ። ግማሹን ወሰደ፤ ግማሹን ተወልኝ።

መኮንኑ ሦስት ወር ሳይሞላው ለስብሰባ ወደ አዲስ አበባ ተጠራ። ሄደ፤ አልተመለሰም። የት ደረሰ ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ ያኔ እንዲህ ያለው ጥያቄ አይጠየቅም። ምክትሉ ኃላፊ ሆነና በመኪናዋ በሮች ላይ ማኅተም ያለበት ወረቀት አስለጠፈ፦ "የሕዝብ ንብረት ነው፤ መንካት ክልክል ነው።" ወረቀቱን የተየብሁት እኔ ነኝ።

የቢሮዬ መስኮት በቀጥታ ወደ እሷ ያያል። እኔም ከእሷ የተሻለ መላወሻ አልነበረኝም። ከከተማ ለመውጣት የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል። እናቴን ለማየት በጠየቅሁ ቁጥር ኃላፊው ቀና ሳይል "ሥራ ይበደላል" ይለኛል። ዝውውር ሦስት ጊዜ አመለከትሁ፤ ሦስቱንም እምቢታ ራሴ በእጄ ተይቤ፣ ለራሴ ወጪ አድርጌ፣ ፈርሜ ተቀበልሁ። ንፋስ እንኳ መውጫ ባገኘበት ከተማ እኔ አጣሁ።

የጽሕፈት ቤቱን ጂፕ የሚነዱት ሹፌር የስማዳ ሰው ናቸው፤ በዕድሜ አባቴን ያክላሉ። አንድ ከሰዓት በኋላ መስኮቴ ሥር መጥተው ቆሙ።

"ልጄ፣ በዓይንሽ ጨረስሻት እኮ።"

"ጋሼ፣ ሞተሯ ይነሳል?"

"ዛሬ ይነሳል። ከርሞ እንጃ። የቆመ መኪና እንደ ቆመ ውኃ ነው፤ ይበላሻል።"

ያን ቀን ደብዳቤ አረቀቅሁ። "የሕዝብ ንብረት የሆነችው አነስተኛ መኪና በዝገት ተበልታ ከጥቅም ውጭ እንዳትሆን፣ ሞተሯ በሳምንት አንድ ቀን እንዲነሳና በግቢ ውስጥ እንድትንቀሳቀስ" የሚል ነው። ለፊርማ ከሚቀርቡት ወረቀቶች መሐል አስገባሁት። ኃላፊው ግን አንብቦ የሚፈርም ሰው ነበር።

"ይህን ያሰበ ማነው?"

"ሹፌሩ ናቸው፣ ጓድ። ንብረቱ ቢበላሽ ጽሕፈት ቤቱ ይጠየቃል ብለው ነው።"

"ይጠየቃል" የምትለዋን ቃል ሲሰማ ፈረመ።

ሹፌሩ የተቀደደውን የዘይት ቋት ፈትተው ከመንገድ ሥራው ካምፕ ለምነው አስበየዱት። የመጀመሪያው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ቁልፉን ሲያዞሩት መኪናዋ ሁለቴ ሳለች፤ በሦስተኛው ተነሳች። በር ላይ የታሰሩት አህዮች ደንብረው ችካላቸውን ነቀሉ። የቢሮው ሰው ሁሉ በየመስኮቱ ብቅ አለ። እሳቸው ግቢውን አንዴ ዞረው አቆሟትና ወረዱ።

"በይ ግቢ። ደብዳቤው ትንቀሳቀስ ይላል እንጂ ማን ያንቀሳቅሳት አይልም።"

ወንበሯ ዝቅ ያለ ስለሆነ የሰው ጉልበት ነው የሚታየኝ። በግራ እግሬ የረገጥሁትን ፍሪሲዮን ስለቅ ዘለለችና ጠፋች። ደግሜ አስነሳኋት፤ ጠፋች። በአራተኛው ሄደች። ከሰንደቅ ዓላማው እንጨት እስከ ዕቃ ግምጃ ቤቱ፣ ከዚያ በባሕር ዛፍ አጥሩ ሥር ዞሬ ተመልሼ እንጨቱ ጋ። እንደ አውድማ በሬ ግቢውን እዞራለሁ። ፊቴ ላይ ለራሴም ያልታወቀኝ ፈገግታ ነበር መሰለኝ፣ የፋይናንሱ ጸሐፊ "ጥርስሽ ብርድ ይመታዋል!" ብሎ ጮኸብኝ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ለመድሁ። ሲለመድ ግን ደስታው በሌላ ጉጉት ተተካ። መኪናዋ በአንደኛ ማርሽ ስትሄድ ከበረት እንዳልተለቀቀ ወይፈን ታጉረመርማለች። "ጋሼ፣ ሁለተኛ ላግባላት?" አልኋቸው።

"የት ልትሄጅባት? አጥሩ ላይ?"

እውነታቸውን ነው። ሙሉ አንድ ዓመት በየሐሙሱ ነዳሁ፤ ሁለተኛ ማርሽ አላየሁም። ቢሆንም አልተውሁትም። ካንዴላዋን ማጽዳት፣ የባትሪዋን ውኃ ማየት፣ ካርቡራተሯን በጆሮ ማስተካከል ተማርሁ። መንግሥት የተወረሱ ዕቃዎችን አንዳንዴ በጨረታ እንደሚሸጥ ሰምቼ ስለነበር ከደመወዜ እየቆነጠርሁ አስቀምጥ ጀመር። ያ ተስፋ ባይኖር ሰኞን ከማክሰኞ የምለይበት ነገር አልነበረኝም።

ስሕተቴ ማመልከቻ መጻፌ ነው። "መኪናዋ ለሽያጭ በምትቀርብበት ጊዜ ለመግዛት ያለኝ ፍላጎት ከወዲሁ እንዲታወቅልኝ" ብዬ አስገባሁ። በሳምንቱ በውይይት ክበቡ ስብሰባ ላይ ስሜ ተነሳ። ሂስና ግለ ሂስ ይባል ነበር፤ ሰው በባልደረቦቹ ፊት ቆሞ ጥፋቱን ይናዘዛል። ኃላፊው ማመልከቻዬን ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ።

"ጓዲት፣ አርሶ አደሩ በእግሩ እየተጓዘ አንቺ የቡርዧ መጫወቻ የሚያስመኝሽ ምንድን ነው?"

ተነሳሁ። "ለግል ቅንጦት ተሸንፌ..." ብዬ ጀመርሁና ተውሁት። የልጅነቴን መጽሔት ላስረዳ? የመስኮቴን ነገር ላስረዳ? በመጨረሻ "ቀይ ስለሆነች ነው የወደድኋት፣ ጓድ" አልሁ።

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፤ ወዲያው ሳል አስመሰለው። ሳቁ ዋጋ አስከፈለኝ፤ እንደ ፌዝ ተቆጠረብኝ። መኪናዋ እንደገና ታሸገች፣ የሐሙሱ ፈቃድ ተሰረዘ፣ ለስድስት ወር የይለፍ ወረቀት እንዳልጠይቅ ተወሰነ። ቃለ ጉባኤውን የተየብሁት እኔ ነኝ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት ይበልጥ ጠበቡ። ሹፌሩን ሰላም ስላቸው እንኳ ግራ ቀኝ አይቼ ነው። በደብዳቤ ላይ አንድ መስመር ጨርሼ የጽሕፈት መኪናውን ጋሪ በእጄ ስመልስ፣ ግራ እግሬ ከጠረጴዛው ሥር ፍሪሲዮን ይረግጣል። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። አጠገቤ የምትሠራው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ "እግርሽን ያምሻል እንዴ?" ብላ ጠይቃኝ ታውቃለች። አዎ አልኋት።

ስድስቱ ወር አልቆ ሌላ ሁለት ወር እንዳለፈ ከበላይ ትእዛዝ መጣ። መኪናዋ በሦስት ቀን ውስጥ ደብረ ታቦር ድረስ ተነድታ ለተላከ የርክክብ ኮሚቴ እንድትሰጥ ይላል። የሚጭናት ካሚዮን አልተገኘም። ሹፌሩ ኃላፊውን በጂፕ መውሰድ አለባቸው። በከተማው እሷን አስነስቶ የሚያውቅ ሌላ አንድ ሰው ብቻ ነበር።

ኃላፊው ጠራኝ። "መንጃ ፈቃድ የለሽም።"

"የለኝም፣ ጓድ።"

"ትነጃለሽ። የይለፍ ወረቀትሽ ከእኔ ጋር ይሆናል።"

ጠዋት ወጣን። ጂፑ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። አጠገቤ ጠመንጃውን በጉልበቶቹ መሐል ያቆመ አንድ ወታደር ተቀምጧል። ከከተማው መውጫ እንዳለፍን ማርሹን ወደ ሁለተኛ ጎተትሁት። ያ ማጉረምረም ጠፋ፤ ድምፅዋ ጠራ። ሦስተኛ ሳስገባ ወታደሩ የበሩን እጀታ ጨበጠ።

"እህቴ፣ ቀስ በይ። እኔ ከጦር ሜዳ ተርፌ የመጣሁ ሰው ነኝ።"

ጎብጎብን አለፍን። ጂፑ የሚያስነሳውን አቧራ እየበላን በቀስታ እንከተላለን። የጉና ተራራ ከፊታችን ሲገለጥ ሹፌሩ ድንገት ዳር ያዙና ቆሙ። ኮፈኑን ሲከፍቱ አየኋቸው። በእጃቸው፣ ዝቅ አድርገው፣ እለፊ የሚል ምልክት ሰጡኝ። አለፍሁ።

መንገዱ ባዶ ነበር። ግራና ቀኝ ገና ያልታጨደ ገብስ። አራተኛ ማርሽ አስገባሁ። ጠጠሩ ከሥር እንደ በረዶ ይንጣጣል፤ ሸራው ይርገበገባል። ወታደሩ መጀመሪያ ጸለየ፤ ቀጥሎ ጮክ ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ምን ያህል ጊዜ እንደቆየ አላውቅም፤ ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው።

ክምር ድንጋይ ልንደርስ ስንል አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ የይለፍ ወረቀቴ በኃላፊው ኪስ ነው። ያለ እሱ የደብረ ታቦርን ኬላ አላልፍም። ቤንዚኑም የተለካው እዚያው ድረስ ነው። እግሬን አነሳሁ። መንገድ ዳር አቁሜ ሞተሯን አጠፋሁና የሚጠብቀኝን ሰው ራሴ ተቀምጬ ጠበቅሁት። በሕይወቴ እንደዚያች ሰዓት የታሰርሁ ሆኖ የተሰማኝ ጊዜ የለም። ቁልፉ በእጄ ነው፤ መንገዱ ክፍት ነው፤ የምሄድበት ግን የለኝም።

ጂፑ ሲደርስ ኃላፊው ወርዶ መጣ። "ማነው ቅደሚ ያለሽ?"

ሹፌሩ በመልስ ቀደሙኝ። "ጓድ፣ እንዲህ ያለው መኪና ቀስ ካለ ይሞቅና ይቆማል። ቆሞ ቢቀር በእርስዎ ነበር የሚሳበበው።" ኃላፊው ሁለታችንንም አየንና ተመልሶ ጂፑ ውስጥ ገባ።

ደብረ ታቦር ላይ የተረከቡን ሰው የሞተሩን ቁጥር ከወረቀቱ ጋር አስተያይተው ፈረሙ። ከአንድ መጋዘን ጀርባ፣ ሣር በዋጣቸው ሌሎች መኪናዎች መሐል አቁሚያት አሉኝ። አቆምኋት። ቁልፉን ሰጠሁ። ከዚያ በኋላ ወደ ጎንደር ተወሰደች ሲባል ሰማሁ፤ ሌላ ሰው ደግሞ እዚያው በስብሳ ቀረች አለኝ። የቱ እውነት እንደሆነ አላጣራሁም።

ኃላፊው ለምሳ ሲሄድ ሹፌሩ ወደ አውቶቡስ መናኸሪያው ወሰዱኝ። የእስቴው አውቶቡስ ጭነቱን ጨርሶ ሞተሩን አስነስቷል። ረዳቱ "መካነ ኢየሱስ! መካነ ኢየሱስ!" እያለ ይጣራል።

"ውጪ ልጄ" አሉኝ ድምፃቸውን ቀንሰው። "ታማ ሐኪም ቤት ቀረች እላለሁ። ረዳቱን አነጋግሬዋለሁ፤ ኬላውን ያሳልፍሻል። እናትሽን አይተሽ በሦስተኛው ቀን ትመለሻለሽ።"

እግሬን አውቶቡሱ ደረጃ ላይ አደረግሁ። ውስጡ የሀገሬ ሰው፣ የበርበሬ ከረጢትና የዶሮ ቅርጫት ይታየኛል። ዞሬ አየኋቸው። ስድስት ልጆች አሏቸው። በዚያ ዘመን ለእንዲህ ያለው ውሸት ሰው ከሥራ በላይ ነው የሚያጣው። እግሬን አወረድሁ። የአባቴን ሱቅ የምታውቅ አንዲት ነጋዴ መስኮት ላይ አገኘሁና "ደህና ናት በያቸው" አልኋት።

ስንመለስ ከኃላፊው ኋላ ተቀምጬ አለቀስሁ። ሹፌሩ በመስታወቱ አዩኝ።

በማግስቱ የርክክብ ሪፖርቱን ተየብሁ። ቀጥዬ ጂፑን መንዳት እንዲያስተምሩኝ ሹፌሩን ለመንኋቸው። "አሁንስ ለየትኛዋ መኪና ብለሽ?" አሉኝ። "ለየትኛዋም" አልኋቸው። እንደገና ያንኑ ግቢ መዞር ጀመርሁ። ኃላፊው አየ፤ ምን እንደታየው እንጃ፣ አልከለከለኝም። ይለፍ ግን እንደ ድሮው ነው፤ እናቴን እስከማይ ሌላ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ጠበቅሁ።

ጦርነቱ ወደ እኛ ሲደርስ ጽሕፈት ቤቱ ተበተነ። በእግሬ በስማዳ አድርጌ እስቴ ገባሁ። መንግሥት ከተለወጠ በኋላ መንጃ ፈቃድ አወጣሁና የአንዲት እህል ነጋዴ የጭነት መኪና መንዳት ጀመርሁ። የስፖርት መኪና አልገዛሁም፤ ዛሬም መንገድ ላይ አንዷ ስታልፈኝ አንገቴ ይዞራል።

የመጀመሪያውን ጭነት ይዘን ደብረ ታቦር መግቢያ ስንደርስ ድሮ ኬላ የነበረበት ቦታ ላይ ሳላስበው ቆምሁ። ገመዱ የለም፤ ጠባቂው የለም። አጠገቤ የተቀመጠችው ነጋዴ ዞራ አየችኝ።

"ምን ሆንሽ? ማንን ነው የምትጠብቂው?"

ገበያው ሳይሞቅ መድረስ ነበረብን፤ ማርሽ አስገብቼ ነዳሁ።