የአሥር አለቃው «ደህና ነኝ»

ፀጉር አስተካካዩን ሰፈሩ በሙሉ አሥር አለቃ ነው የሚለው። ከጦር ሜዳ ይዞት የመጣው ማዕረጉና ጉልበቱ ውስጥ የቀረ የቦምብ ፍንጣሪ ነው። ፍንጣሪውን የምታውቀው ሚስቱ ብቻ ናት። ደንበኞቹ ትከሻቸውን ተደግፎ ሲያስተካክላቸው ወዳጅነት ይመስላቸዋል። በተጠንቀቅ አቁሞት «አሳርፍ» ማለት ረስቶ ምሳ ስለሄደው አለቃው እያወራ ያስቃቸዋል። አይ ሞኝነት! እስኪመለስ ድረስ ንቅንቅ አላለም እኮ።

ዘንድሮ ግን መቀስ ይዞ መቆም አቃተው። የሕክምና ቦርዱ ጉዳቱን «ቀላል» ብሎ መዘገበው፤ ለቀላል ጉዳት ደግሞ ጡረታ የለም። ሚስቱ ይግባኝ አስባለችው። ጥፋቱ የማን እንደሆነ አሳምራ ታውቃለች። ያኔ የቦርዱ ሰብሳቢ ሐኪም የወታደር ደንብ ልብስ ለብሰው «እንዴት ነህ?» ሲሉት፣ ይሄ ጉደኛ ብድግ ብሎ ተረከዙን አጋጨና «ደህና ነኝ ጌታዬ» አላቸው። አለቃ ፊት አመመኝ ማለት እሱ ዘንድ ከመሸሽ አይለይም።

ሳምንቱን ሙሉ አለማመደችው። አልጋው ጫፍ ላይ አስቀምጣ፣ እሷ ሐኪም ሆና ትጠይቀዋለች፤ እሱ ይስቃል። እሷ ሳቅ ከየት ይምጣላት? ከዚህ ይግባኝ በኋላ ሌላ በር የለም።

የቀጠሮው ዕለት ኮሪደሩ ላይ ያመኛል እንዲል ደግማ ደጋግማ አስጠነቀቀችው። እሺ አልኩሽ እኮ፣ አላት። ሲገቡ አዲሷ ሰብሳቢም የደንብ ልብስ ለብሰዋል። ጉድ ፈላ፣ አለች በልቧ።

«እንዴት ነህ?» አሉት።

ቀጥ ብሎ ቆመ። «ደህና ነኝ ጌታዬ።» ሴት መሆናቸውን እንኳ ልብ አላለም። ግንባሩን ላብ አጥምቆታል፤ ሱሪው ጉልበቱ ላይ ይንቀጠቀጣል።

አስታማሚ ናትና ዝም እንድትል ተነግሯት ነበር። አልቻለችም። «ዶክተር፣ አሳርፍ ይበሉት» አለች። «ካልታዘዘ አይቀመጥም።»

ሐኪሟ ብዕራቸውን አስቀምጠው ጉልበቱን አዩት።

«አሥር አለቃ፣ አሳርፍ።»

እግሩ ከዳው። ሚስቱ ደርሳ ባትይዘው ወለሉ ላይ ነበር። ወንበሩ ላይ ስታሳርፈው ክንዷን አለቀቀም።

«ያመኛል» አለ፣ አቀርቅሮ። «በጣም ነው የሚያመኝ።»

እንዲህ እንዲል ስትለምነው ከርማ፣ ከአፉ ስትሰማው በሌላ እጇ ጉልበቱን ሸፈነችለት። ባሏ ይህን ያህል ዘመን ቆሞ ነው የኖረው።