የይማም ጥይትና የመካነ ሰላም ኮሚቴዎች

ደሴ፣ ሰኞ፣ ገና ሳይነጋ

ወንድሜ ይማም ሳሎኔ ውስጥ ያንኮራፋል። ከጥር ጀምሮ እዚያው ፍራሽ ላይ ነው፤ አሁን ግንቦት ገብቷል። ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ቀስ ብዬ ልወጣ ስል አንድ ዓይኑን ገለጠ።

«እታለም፣ የፈለጉትን ስጫቸው» አለኝ። «የአባታችንን ጠመንጃ ብቻ እንዳትሰጪ።»

ይህን ብሎ ተመልሶ ተኛ። ለማስታረቅ የምሄደው እኔ፣ የሚተኛው እሱ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጥር በትውልድ ቀያችን በመካነ ሰላም የአክስታችን ልጅ ሲያገባ ይማም የአባታችንን አሮጌ ምንሽር ከግድግዳ አውርዶ ወደ ዳሱ ይዞት ሄደ። በእኛ አገር ሙሽራ ያለ ተኩስ ከገባ ሠርጉ ሠርግ አይመስልም። ይማም ሊተኩስ ሲል አንዱ ጨፋሪ ገፋው፣ አፈሙዙ ዝቅ አለ፣ ጥይቷም ቆሞ ሲያጨበጭብ የነበረውን ጎረቤታችንን አሊን ቀኝ ትከሻውን አገኘችው። አሊ ከሞት ተርፏል። ቀኝ እጁ ግን ከዚያን ቀን ወዲህ አልተነሣም። ታላቅ ወንድሙ ሰይድ «ይማምን ያየሁት ዕለት አልምረውም» ብሎ ማለ፤ ይማም በዚያው ሸሽቶ ደሴ እኔ ቤት ገባ። ሚስቱና ልጆቹ እዚያ፣ እሱ እዚህ። ማሳውም ሳይታረስ ቀረ።

እኔ የሲቪክስ መምህርት ነኝ። ቀን ስለ ሕግ የበላይነት አስተምሬ ማታ ለተሸሸገ ሰው እራት አቀርባለሁ። መንግሥት እንደሆነ ስንት ተኩስ እያለበት የሠርግ ጥይት የሚያስታውስበት ጊዜ የለውም። ዱሮ ቢሆን አበጋሩ ሸህ ሙሄ በአንድ ቁጭታ ይጨርሱት ነበር፤ አበጋር ማለት በወሎ ደም የሚያደርቅ፣ ባለ ደሞችን የሚያስታርቅ ሽማግሌ ነው። አሁን ግን በቀያችን ሁለት የሰላም ኮሚቴ ተቋቁሟል። አንደኛው የገዥዎቹ ደጋፊ፣ ሁለተኛው የተቃዋሚዎቹ ደጋፊ። ሁለቱም ሰላም ይፈልጋሉ። ሌላኛው ካመጣው ግን «ይቅር» ይላሉ።

መሄጃ ጊዜ ያገኘሁትም የትምህርት ቤታችን መምህራን የትርፍ ሰዓት ክፍያ ስላልተከፈለን ሥራ አቁመን ነው። ታዲያ መናኸሪያ ስደርስ በአቀስታ በኩል ወደ መካነ ሰላም የሚሄዱት ሚኒባሶች ተደርድረው ቆመዋል። ሾፌሮቹ ከተራ አስከባሪዎቹ ጋር ተጣልተዋል።

«ዛሬ አንጭንም» አለኝ አንዱ፣ ጥርሱን በመፋቂያ እየፋቀ።

«እስከ መቼ?»

«እስኪያነጋግሩን።»

«ማን ነው የሚያነጋግራችሁ?»

«እሱን ገና አልተስማማንበትም።»

ልቆጣ አልኩና እኔም አድመኛ መሆኔ ትዝ አለኝ። የራስ አድማ መብት፣ የሰው አድማ ጥጋብ ይመስላል ለካ። አፌን ዘግቼ ወደ ኩታበር የሚጭን መኪና ፍለጋ ሄድኩ።

ኩታበር፣ ረፋድ

ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። መንገድ ዳር የተቀቀለ ድንች በዳጣ ይሸጣል፤ ዋጋው ከባለፈው ዓመት ጨምሯል፣ ድንቹ ደግሞ አንሷል። ሻጭዋን ለምን ስላት «ምን ላድርግ እታለም፣ እሱም እንደኛ ከሳ» አለችኝ። ሦስት በላሁ።

መካነ ሰላም የሚሄድ አንድ አይሱዙ አገኘሁ። ጨውና ሳሙና ጭኖ በአጅባር በኩል ዞሮ ነው የሚሄደው። ሾፌሩ ሞላ ቀጭን፣ ረጅም፣ ወሬ የማይሰለቸው ሰው ነው። ገና ጋቢና ሳልገባ የማን ደጋፊ እንደሆነ ነገረኝ።

«ከማንም ወገን አይደለሁም መምህርት። እኔ ከጎማዬ ወገን ነኝ።»

ወደ በሸሎ ወንዝ ቆላ መውረድ ጀመርን። ብርዱ ቀረና ላብ መጣ፣ ነጠላዬን ጣልኩ፣ አቧራው ግን አብሮን ወረደ። አንድ ጥምዝ ላይ የታጠቁ ሰዎች አስቆሙን። ከየት? ወዴት? ምን ጭነሃል? ሞላ መለሰላቸው። «አላህ ይጠብቃችሁ» ብሎ ነዳ። ትንሽ ሄድ እንዳልን ሌሎች የታጠቁ ሰዎች አስቆሙን። ልብሳቸው ሌላ ነው፣ ጥያቄው ግን ያው ነው፤ ከየት፣ ወዴት፣ ምን ጭነሃል። ሞላ እነሱንም «አላህ ይጠብቃችሁ» አላቸው።

«ለሁለቱም?» አልኩት።

«እነሱ ካልተጠበቁ እኔ በየት በኩል ላልፍ ነው?»

ከኋለኞቹ አንዱ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ መታወቂያዬን አየ። ጢሙ ገና በቅጡ አልበቀለም። ክላሹ ከእሱ ይበልጣል።

«መምህርት ነሽ? ምን ታስተምሪያለሽ?»

«ሲቪክስ።»

ሳቀ። ጠመንጃውን ተደግፎ ሳቀ፣ ጓደኞቹን ጠርቶ ነገራቸውና እነሱም ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፣ ምን ላድርግ። መኪናው ሲነሣ ግን ዞሬ አየሁት። ልጁ ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ከሚረብሹኝ ተማሪዎች ቁርጥ አንዱን ይመስላል። ስሙን እንኳ አልጠየቅኩትም።

አጅባር፣ ከሰዓት

ገበያ ነው። በግ፣ ገብስ፣ በጎቹን ለማየት ጎንበስ ያለ ሰው፣ ገብሱን ጥርሱ ላይ የሚሞክር ሰው። ሞላ ፍሬኑን ሊያሳይ ሲሄድ እኔ ሽሮ ቤት ገባሁ። ግድግዳው ላይ ያለው ቴሌቪዥን ክርክር ያሳያል። ክራቫት ያሰሩ ሰዎች ባንድ ላይ ይናገራሉ። ባለቤቷ ስልክ ሲደወልላት ድምፁን አጠፋችው፤ አውርታ ስትጨርስ መልሳ መክፈቱን ረሳችው። በላተኛው ሁሉ ያንኑ ዝም ያለ ክርክር አፍጥጦ ማየቱን ቀጠለ። ማንም ምን አሉ ብሎ አልጠየቀም።

ይማም ደወለ።

«ደረስሽ?»

«አጅባር ነኝ።»

«የጠመንጃውን ነገር አደራ...»

«ይማም፣ ወጥህን አሙቅና ብላ» ብዬ ዘጋሁት።

እውነቱን ልናገር፣ ጠመንጃው ለእኔም ቀላል ነገር አይደለም። አባታችን ከሞተ ወዲህ ከእሱ የቀረን ያ ምንሽር ብቻ ነው። ልጅ ሆኜ በቅቤ ሲወለውለው ከጎኑ ተቀምጬ አይ ነበር። በመንገዱ ሁሉ እርቁ እንዲሳካ ስጸልይ፣ ሳይነኩት እንዲሳካ ነበር የምጸልየው።

ከአጅባር በኋላ ያለው ኮረኮንች መንገድ አይባልም። ድንጋይ ለድንጋይ ሲያቀብለን መሽቶብን ገባን። የይማም ሚስት እግሬን አጥባ፣ ግድግዳው ላይ ተመልሶ ከተሰቀለው ምንሽር ሥር አስተኛችኝ። ስለ ባሏ አንድም ቃል አልጠየቀችኝም፤ የሱን ጋቢ ግን አጥባ አጥፋ መደቡ ላይ አስቀምጣዋለች።

መካነ ሰላም፣ ማክሰኞ ጧት

ከከተማው ወጣ ብሎ ትልቁ ግራር ሥር ተሰበሰብን። ሁለቱ ኮሚቴዎች ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። የአንደኛው ሊቀመንበር ኮት ለብሷል፣ የሁለተኛው ከዘራ ይዟል። ይህ ስብሰባ ለስንተኛ ጊዜ እንደተጠራ የሚያስታውስ ጠፍቷል፤ ሁልጊዜም የሚበተነው ስብሰባውን ማን ይክፈት በሚለው ላይ ነው።

«እንደ አሠራሩ እኛ ነን የምንከፍተው» አለ ባለ ኮቱ።

«ያንተ አሠራር አይደል እዚህ ያደረሰን» አለ ባለ ከዘራው።

ፀሐይ ወጣች፤ እነሱ አልጨረሱም። በመካከል አሊ መጣ። ግራ እጁ ጋቢውን ይዟል፣ ቀኙ በጋቢው ውስጥ እንደ ባዶ እጅጌ ተንጠልጥሏል። መንገዱን ሙሉ ስቀልድ የመጣሁት ሴትዮ ከተቀመጥኩበት ተነሣሁለት።

«እንደምን ከረምሽ እታለም?» አለኝ። «ልጆቹ ደህና ናቸው?»

የኔን ልጆች ደህንነት የሚጠይቀው እሱ ነው። «አልሐምዱሊላህ» አልኩት። ወንድሙ ሰይድ ክላሹን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል፤ ዞር ብሎም አላየኝ።

ሸህ ሙሄ እስከዚያ ድረስ መቁጠሪያቸውን ይቆጥሩ ነበር። በጣም አርጅተዋል። ከጎናቸው ጓደኛቸው ቄስ አድማሱ አሉ፤ ሁለቱ ሳይነጣጠሉ ነው ሲያስታርቁ የኖሩት። ሸሁ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እናንተ ተስማሙ። እስከዚያ እኔ ዱዓ ላድርግ። ዱዓውን ማን ይክፈት ብላችሁ አትጣሉበትም መቼስ።»

ባለ ኮቱ ኮቱን ቆለፈ፣ ባለ ከዘራው ከዘራውን አጋደመ። ዱዓ እንቢ የሚል ሰው በዚህ አገር ገና አልተወለደም።

እጃችንን ዘረጋን። ሰይድ ክላሹን ሣሩ ላይ አስቀመጠ፤ ሁለት መዳፍ ሳይዘረጉ ዱዓ የለምና። አሊ አንዱን ብቻ ዘረጋ።

«ዝናቡን በልኩ ስጠን» አሉ ሸህ ሙሄ።

«አሚን።»

«ገብሳችንን ከውርጭ ጠብቅልን።»

«አሚን።»

«የታመመውን ማርልን፤ የወለደችውን በሰላም አንሣት።»

«አሚን።» ቄስ አድማሱም «አሜን» ይላሉ።

ይህን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። እኛ ዱዓ የምንቀበለው ከጡት ጋር ነው። ሽማግሌው ትንፋሽ ሲወስድ አፋችን ራሱ ይከፈታል። ልባችን በግ ገበያ ቢሆንም፣ ከጎናችን ካለው ሰው ጋር ብንጣላም፣ አሚን አትዘገይም። ሸሁ ደግሞ ፍጥነቱን ጨመር አደረጉት።

«ጠላትን ያዝልን።»

«አሚን።»

«የአሊን እጅ መልስለት፤ እስክትመልስለት ይማም ማሳውን ይረስለት።»

«አሚን።»

«ሰይድ መሐላውን ላንተ ትቶታል፣ ተቀበለው።»

«አሚን።» የሰይድን ድምፅ ለይቼ ሰማሁት።

«የይማም አባት ጠመንጃ ከግድግዳ ይውረድ፤ እኔ ቤት ይቀመጥ፤ ሁለቱ ቤቶች ተጋብተው ልጅ እስኪወልዱ አይነሣ።»

«አሚን።» ከሁሉ አጥብቃ ያለችው እኔ ነኝ። የመምህርት ድምፅ ነው፣ ከሩቅ ይሰማል።

«ይማም በዚህ ሳምንት ቤቱ ይደር።»

«አሚን።»

ሸህ ሙሄ ፊታቸውን ዳበሱ። እኛም ዳበስን።

«በሉ፣ አለቀ» አሉ።

መጀመሪያ የነቃው ባለ ኮቱ ነው። «ሸህዬ፣ ስብሰባው እኮ ገና አልተከፈተም።»

«ካልተከፈተ መዝጋትም አያስፈልገውማ።»

«ይሄ አይሆንም!» አለ ባለ ከዘራው። «አሚናችንን እናነሣለን።»

«ከፈጣሪ፣ ከጀሊሉ ጋር ተነጋገርበት» አሉት። «እኔ አድርሻለሁ።»

ሁለቱ ሊቀመናብርት ተያዩ። ኮሚቴዎቹ ከተቋቋሙ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ነገር ተስማሙ፤ መታለላቸውን።

ሰይድ ግን ሣሩ ላይ የተጋደመውን ክላሹን ያያል። እሱ እንቢ ካለ ሁሉም ነገር ወደ ነበረበት ነው፤ ይማም ወደ ፍራሹ፣ ሚስቱ ወደ ታጠበው ጋቢ።

«ሸህዬ» አለ በመጨረሻ። «ልብ ብዬ ቢሆን አሚን አልልም ነበር።»

«አውቃለሁ ልጄ። ለዚህ ነው ያፈጠንኩት። ግን ብለሃል?»

ወደ አሊ አየ። አሊ የዘረጋት አንድ እጅ አሁንም ጭኑ ላይ እንደተከፈተች ናት።

«ብያለሁ» አለ ሰይድ። ጠመንጃውን አፈሙዙን ወደ መሬት አድርጎ አነገተው። «ይምጣ።»

ለይማም ደወልኩ።

«ና ግባ» አልኩት።

«ጠመንጃውስ?»

«አሚን ብያለሁ።»

ይጮህብኛል ብዬ ስልኩን ከጆሮዬ አራቅኩ።

«ማነው ዱዓ ያደረገው?» አለ።

«ሸህ ሙሄ።»

«እሳቸው ከሆኑ እኔም እል ነበር» ብሎ ስልኩን ዘጋው። የአባቴን ጠመንጃ ራሴ አውርጄ ለሸሁ አደረስኩ። መንገድ ላይ ትንሽ አለቀስኩ። ግድግዳው ላይ ጥላሸት ያልነካው የጠመንጃ ቅርጽ ቀርቷል፤ የይማም ሚስት እዚያ ላይ ወንፊት ሰቀለችበት።

መካነ ሰላም፣ ሐሙስ

ሚኒባሶቹ ዛሬም አልጫኑም አሉ። ይማም በሞላ አይሱዙ ነው የመጣው፣ ሳሙና ላይ ተቀምጦ። የይማም ቤት በር ላይ ሸህ ሙሄ፣ ቄስ አድማሱ፣ ሰይድና አሊ ቆመዋል። ኮሚቴዎቹም ሁለቱም መጥተዋል፤ እርቁ የእኛ ሥራ ነው ለማለት።

ይማም ሲወርድ ሴቶቹ እልል አሉ። በዚህ ጊዜ ሁላችንም፣ ትልቁም ትንሹም፣ አንገታችንን ሰበር አድርገን ጠበቅን። ከእልልታ በኋላ ተኩስ ለምደናላ። ማንም አልተኮሰም። ቀና ቀና አልን፤ እርስ በርስ ተያይተን አፈርን።

ይማም ሄዶ አሊ ፊት ቆመ። ግራ ገባውና እንደ ልማዱ ቀኝ እጁን ዘረጋ። እጁ አየር ላይ ቀረች። አሊ ቀኙን ሊያነሣ ሲሞክር ትከሻው ብቻ ትንሽ ነቅነቅ አለ። በእኛ ዘንድ ሰውን በግራ እጅ መጨበጥ ስድብ ነው፤ ልጅ እንኳ ቢያደርገው ይቆጡታል።

አሊ ጋቢውን ለቀቀና ግራውን ዘረጋለት።

«እንግዲህ በዚህኛው ነው» አለው።

ይማም በሁለቱም እጁ ያዛት፤ ሸሁ ሊመርቁ ሲጀምሩም፣ ሁላችንም ለዱዓ እጃችንን ስንዘረጋም፣ አልለቀቃትም።